ከምክር በፊት ዝምታ፦ በመጽሐፈ ኢዮብና በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የማጽናናት አገልግሎት

«ማጽናናት» ከ«ጸና» የወጣ ቃል በመሆኑ ያዘነውን ማበርታት የሚል ፍቺ ይዟል። በግእዝ ለዚሁ ተግባር የሚያገለግለው ሌላው ግሥ «ናዘዘ» ነው፤ የአማርኛው «መናዘዝ» እና «ኑዛዜ» ከዚሁ ሥር ናቸው። ሥርወ ቃል ብቻውን አስተምህሮ አያቆምም። ይሁን እንጂ መጽናናትና ልብን ከፍቶ መናገር በአንድ ሥር መገናኘታቸው ለምክር አገልግሎት ተገቢ ጥያቄ ያስነሣል፦ አጽናኙ የተጠራው አስቀድሞ ሊናገር ነው ወይስ ሊሰማ?

ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የኢዮብን ሥቃይ ብርታት አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ በዝምታ ተቀመጡ (2፥13)። ዝምታውን የሰበረው ራሱ ኢዮብ ነው። ስሕተታቸው የጀመረው ሮሮውን እንደ ክርክር ቆጥረው መልስ መስጠት በጀመሩ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነጥብ አለ፤ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ከኤልፋዝ ንግግር አንዱን (5፥13) ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 እንደ ቅዱስ ጽሑፍ ጠቅሶታል። በ42፥7 ግን ቁጣው የወረደው በወዳጆቹ ላይ ሲሆን፣ ሲያማርር ለሰነበተው ኢዮብ ቅን ነገር እንደ ተናገረ ተመስክሮለታል። እውነተኛ ቃል በማይመለከተው ሰው ላይ ሲውል ቁስል ይሆናል።

የዮሐንስ ወንጌል ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ማርታም ማርያምም ጌታ በቦታው ቢኖር ኖሮ ወንድማቸው እንደማይሞት ተናገሩ (11፥21፣ 32)፤ አቤቱታቸው አንድ ነው፣ ምላሹ ግን የተለያየ ነው። ለማርታ ስለ ትንሣኤ ተነገራት፤ ከማርያም ጋር ግን ኢየሱስ አለቀሰ። አልዓዛርን እንደሚያስነሣ እያወቀ ማልቀሱ፣ ተስፋ ያለው ሰው ኀዘንን ለማሳጠር መቸኮል እንደሌለበት የሚያመለክት ይመስላል።

በኢትዮጵያ ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሳይነጋገሩም አብሮ ማምሸት ነውር አይደለም። ችግሩ «ለበጎ ነው» እና «አታልቅሱ» የሚሉት ቃላት ገና በመጀመሪያው ቀን መምጣታቸው ነው። ከዚህም የከፋው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሚመጣው ጭርታ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የ40ና የ80 ቀን መታሰቢያ ሰውን ዳግም ያሰባስባል፤ በመካከል ባሉት ሳምንታት ግን ሐዘንተኛው ብቻውን ይቀራል። የንስሐ አባት ወይም የምክር አገልጋይ ያለ ጥሪ ሊሄድ የሚገባው በእነዚያ ቀናት ነው።