የቤተ ሰብ ቃል ለጤና አጠባበቅ ስላለው ጥቅም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌ ለበሽተኛው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን አስታማሚውንና የጤና ሠራተኛውንም ይመለከታል። በሽተኛው ወይም ቤተ ሰቡ የደረሰውን በቅደም ተከተል ሲናገር፥ ሰሚውም በትዕግሥት ሲያዳምጥ፥ በመዝገብ ያልተጻፈው ጉድለት ይገለጣል። ከዚህ ሁሉ ንግግር እጅግ የሚከብደው በወሊድ ምክንያት የሞተች እናት ቤተ ሰብ የሚናገረው ስለ ሆነ፥ በዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ እንመለከታለን።

በአገራችን የእናቶችን ሞት እየመረመሩ እርምት የማድረግ ሥርዐት የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። እናት በቤቷ ስትሞት የጤና ሠራተኛ ወደ ቤተ ሰቧ ሄዶ የነበረውን ሁሉ ይጠይቃል። የሟችዋ ስም በምርመራው ጽሑፍ አይገለጥም፤ ዓላማውም በደለኛ መፈለግ ሳይሆን ሌላይቱ እናት እንዳትሞት ነው። በእንግሊዝ አገርም የእናቶችን ሞት በምስጢር መመርመር የተጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ እናስረዳ። በመቂ ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ አንዲት እናት ሞተች እንበል። በመዝገብ የተጻፈው «ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ሞተች» የሚል ብቻ ነው። ባሏ ግን እንዲህ ይናገራል፦ «ልጁ ሌሊት ተወለደ፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። እኔ በቆሎ ስጠብቅ ማሳ ላይ ነበርሁ፤ እናቴም ያለ እኔ ፈቃድ እንውሰዳት ለማለት ፈራች። እንደ መጣሁ ጋሪ ፈለግሁ፤ ባለጋሪው ጭቃውን ፈርቶ እስኪነጋ አቆየን። ጤና ጣቢያ ስንደርስም የመድኃኒቱን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ ጠበቅን።»

ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህን የመሰለውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል፤ እነርሱም ለመወሰን መዘግየት፥ ለመድረስ መዘግየት፥ ከደረሱም በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ናቸው። ከላይ የተነገረው ቃል ሦስቱንም ይዟል። መዝገቡ ደም መፍሰሱን ብቻ ነገረን፤ ባልየው ግን ደሙ ሲፈስ ጊዜው የት እንዳለፈ ነገረን።

የእያንዳንዱም መድኃኒት ከዚያው ቃል ይገኛል። ባል በሌለበት ማን እንደሚወስን ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። የመውለጃዋ ጊዜ የቀረበ፥ ቤቷም የራቀ እናት በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ካለ እዚያ ትሰንብት፤ ከሌለም መጓጓዣው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ጤና ጣቢያውም ቁልፉን ሌሊት በተረኛው እጅ ያኑር። የእንግዴ ልጅ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ፥ ወይም ደም በብዛት ከፈሰሰ፥ መጠበቅ አይገባም፤ ብርቱ የደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላልና።

እንግዲህ ይህን ቃል የሚቀበል ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

1ኛ/ የሐዘኑ ጽናት ጥቂት እስኪበርድ ድረስ ይታገሥ፤ ሲገባም አስቀድሞ ያጽናና።

2ኛ/ ተናጋሪው በለመደው ቋንቋ፥ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፥ ይናገር። ሰሚውም ቃሉን እንደ ተነገረ ይጻፍ፤ አያሳምረው።

3ኛ/ «ለምን ዘገያችሁ?» ብሎ አይጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥያቄ አፍ ያስይዛል። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግን ንግግሩን ይከፍታል።

4ኛ/ የሰማውን በቡና ላይ አያውራ። ምስጢሩ የወጣበት ቤተ ሰብ ዳግመኛ አይናገርም፤ ጎረቤቱም ከእርሱ አይቶ ዝም ይላል።

ክቡራን መምህራንና የከተማው ነዋሪዎች ሆይ፥ እናንተም በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። ማንበብ የማይችል ጎረቤታችሁ በሽተኛ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ምን እንደ ተሰጠውና ምን እንደ ተለወጠ በአጭር ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። በዕድራችሁም ስለ ሦስቱ መዘግየቶች አስረዱ። የሞተችውን እናት ልንመልሳት አንችልም፤ የቤተ ሰቧን ቃል አዳምጠን ጉድለታችንን ካላረምን ግን ሌላይቱም እናት በዚያው መንገድ ትከተላታለች።