በሞሬ ኮረብታ ዙሪያ፤ ስለ ሰይፍና ስለ ሰላም

ወደ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ የሚጓዝ ምእመን በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ መጠበቁ የተለመደ ነው። ቦታው መተላለፊያ እንጂ መሳለሚያ አይመስልም። ነገር ግን ከተማዋ ያረፈችበት የኢይዝራኤል ሸለቆ የብዙ ጦርነት ምድር ነው። ባርቅ 10,000 ሰዎች አስከትሎ ሲሣራን ሊወጋ የወረደው ከታቦር ነው፤ ሳኦልና ዮናታን የወደቁትም በጊልቦዓ ተራራ ነው። ሰይፉም በጥንት ዘመን አልቀረም፤ ኅዳር 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ አካባቢ በተከፈተ ተኩስ 2 ሰዎች ተገድለዋል።

ጌታ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዝዞታል (ማቴ. 26፥52)። ታዲያ ክርስቲያን የጌዴዎንን ጦርነት እንዴት ያነብባል?

ከአፉላ በስተ ምሥራቅ ያለው የሞሬ ኮረብታ ለዚህ ይረዳል። የምድያም ሠራዊት በአጠገቡ በሰፈረ ጊዜ ጌዴዎን 32,000 ሰዎች ነበሩት፤ እግዚአብሔር ግን ሕዝቡ በገዛ ኃይሉ እንዳይመካ ወደ 300 አሳነሳቸው (መሳ. 7)። ጌዴዎን ከጦርነቱ በፊት የሠራውን መሠዊያ የጠራውም በሰላም ስም ነው (6፥24)። ብዙ አንባቢ በድሉ ላይ ያቆማል፤ መጽሐፉ ግን ይቀጥላል። ጌዴዎን የሱኮትን ሰዎች በእሾህ ቀጣ፤ ልጁ አቤሜሌክም ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጀ (9፥5)። ጠላትን የመለሰው ሰይፍ ወደ ቤት ገባ።

ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በ1888 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ወደ ዐድዋ የወጣው ወራሪን ለመመከት ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ግን በሁለቱም ወገን ከተሰለፉት ብዙዎቹ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ ነበሩ። ዐድዋን ለወንድማማቾች ጦርነት ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው መጽሐፈ መሳፍንትን ምዕራፍ 7 ላይ የዘጋ ነው።

በዚያው ኮረብታ ሰሜናዊ ግርጌ ናይን ትገኛለች። በዚያ ጌታ ቃሬዛውን ነክቶ የመበለቲቱን አንድ ልጅ አስነሣ፤ ለእናቱም ሰጣት (ሉቃ. 7፥11-15)። በሌላው ወገን ባለችው በሱነምም ኤልሳዕ የሱነማይቱን ልጅ አስነሥቶላታል። ይኸው ነቢይ የተማረኩትን የሶርያ ወታደሮች እንዳይገድሉ ከልክሎ፣ አብልተውና አጠጥተው እንዲያሰናብቷቸው አዝዟል፤ የሶርያም አደጋ ጣዮች ከዚያ ወዲያ ወደ እስራኤል አገር አልመጡም (2ነገ. 6፥22-23)።

ከአፉላ ወደ ታቦር የሚወስደው መንገድ ናይንን በቀኝ ትቶ ያልፋል። ልጇ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላት እናት፣ በየትኛውም ወገን ተሰልፎ ቢሆን፣ ስሙን በዚያ ማንሣት ትችላለች።