የኋላ ታምቡር ፍሬን ሲይዝ ምክንያቱን እንዴት እንለያለን?

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚጓዝ የጭነት መኪና የግቤን ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ፍሬኑ የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሸራው ታምቡሩን ሳይለቅ ቀርቶ አስቀድሞ ካጋለው ግን የፍሬን ዘይቱ ሊፈላና ፔዳሉ ሊከዳ ይችላል። ለአዲስ ዶት 3 ዘይት የተወሰነው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ለመጠጠው 140 ብቻ ነው።

ስለዚህ በዘይት ግፊት በሚሠራ አሮጌ መኪና ላይ ሸራ ከመቀየራችን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ የጋለው አንዱ ጎማ ነው ወይስ ሁለቱም? በሜዳማ መንገድ ፍሬን እምብዛም ሳንረግጥ ነድተን፣ እጃችንን ሳናስነካ ወደ ታምቡሮቹ በማስጠጋት እናነጻጽር።

ሁለተኛ፦ የያዘው የታገተ ግፊት ነው? የፊት ጎማዎችን በታኮ አግደን፣ ማርሹንና የእጅ ፍሬኑን ለቀን፣ የኋላውን በክሪክና በመደገፊያ እናንሳ። ከዚያም የአየር ማስወጫውን ቡሎን በጥቂቱ እንክፈት። ጎማው ከተፈታ ግፊት ታግቷል፤ ሁለቱም ይዘው ከነበረ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ወይም የጋራውን የጎማ ቱቦ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ የራሱን ቧንቧ እንመርምር። ካልተፈታ የላላ ሞላ፣ የዛገ ፒስተን፣ የጠበቀ ሸራ ወይም የእጅ ፍሬን እንጠርጥር።

በመጨረሻም አየሩን አስወጥተን ዘይቱን እንሙላ። የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይገባም።