ፕላኔቱን ከማመናችን በፊት ማስመሪያውን እንጠይቅ

«ከፀሐይ ውጭ ባለ ኮከብ ዙሪያ አዲስ ፕላኔት ተገኘ» የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን አንድ ሰው በቴሌስኮፕ አጮልቆ ያየው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፕላኔቱን ያየ ማንም የለም። የታየው የኮከቡ ብርሃን ነው። ታዲያ ፕላኔቱ መኖሩ በምን ታወቀ?

ስፔክትሮግራፍ የተባለው መሣሪያ የኮከብን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ይዘረጋዋል። በመሀሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እነዚህም በኮከቡ ከባቢ አየር ውስጥ ያሉ እንደ ብረትና ሶዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ብርሃን የዋጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ። ፕላኔት ያለው ኮከብ በፕላኔቱ ስበት ወዲያና ወዲህ ስለሚል መስመሮቹም አብረውት ይወዛወዛሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መምታታት የለባቸውም። አንደኛው የመለየት አቅም ነው፤ ይኸውም ተቀራራቢ የሞገድ ርዝመቶችን ነጣጥሎ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ካሊብሬሽን ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሆነ ከታወቀ ብርሃን ጋር ማመሳከር ማለት ነው። ሚሊ ሜትሩ በደንብ የተሠመረለት ማስመሪያ ጫፉ ከተቆረጠ ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ ኤሎዲ በተባለ ስፔክትሮግራፍ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ ለኩ። የኤሎዲ የመለየት አቅም 42,000 ያህል ነበር። ይህም በ500 ናኖ ሜትር ብርሃን ላይ 0.012 ናኖ ሜትር የሚራራቁ መስመሮችን ይለያል ማለት ነው። ኮከቡ ግን የሚወዛወዘው በሴኮንድ ከ60 ሜትር በማያልፍ ፍጥነት ስለነበር የመስመሮቹ ፈቀቅታ 0.0001 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከመለየት አቅሙ መቶ ጊዜ ያነሰ!

እንዴት ተቻለ? በአንድ በኩል የሺዎች መስመሮችን ልኬት አንድ ላይ አዋሃዱ። በሌላ በኩል ከኮከቡ ብርሃን ጎን ለጎን የቶሪየም መብራት ብርሃን በሌላ ፋይበር አስገቡ። የሙቀት ወይም የአየር ግፊት ለውጥ መሣሪያውን ቢያዛባው ሁለቱም ብርሃኖች አብረው ይዛባሉ። የኮከቡ ብቻ ፈቀቅ ካለ ግን ጉዳዩ የመሣሪያው አይደለም። የምድራችንን የራሷን ጉዞ ቀንሰው ሲያሰሉ በ4.2 ቀን አንዴ የሚዞር ፕላኔት ተገኘ። በ2019 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማትን ተጋሩ።

ማመሳከር ሲጎድልስ? ፒተር ቫን ደ ካምፕ በ1963 በባርናርድ ኮከብ ዙሪያ ግዙፍ ፕላኔት አለ ብለው ነበር። እሳቸው የተጠቀሙት ስፔክትሮግራፍ ሳይሆን የኮከቡን ቦታ በፎቶግራፍ መለካት ነበር። በ1973 ግን ሌሎች ሲለኩት ውዝዋዜው ጠፋ። ለካስ ቴሌስኮፑ ሌንሱ ሲነካካ የመጣ ለውጥ ኖሯል! የሚገርመው፣ በ2024 በቺሊ በሚገኘው ኤስፕሬሶ ስፔክትሮግራፍ በዚያው ኮከብ ዙሪያ ሌላ ትንሽ ፕላኔት መገኘቱ ተገለጸ። ውዝዋዜው በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ የሰው እርምጃ እንኳ ይበልጠዋል።

እንግዲህ እኛ የነገ ጋዜጠኞች «ተገኘ» ብለን ርዕስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንልመድ፦ መሣሪያው በምን ተመሳከረ?