ከመድረክ መውረድ መውደቅ አይደለም

ማለዳ ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ፣ ከሱሉልታ ደግሞ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚገቡት ታክሲዎች ውስጥ ኦዲሽን የሚሄድ ወጣት አይጠፋም። በአራት የታጠፈች ወረቀት ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ረዳቱ ሂሳብ ሲለው ከገጸ ባሕርዩ እስኪወጣ ትንሽ ይቆያል። እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ለእነሱ ነው፤ በተለይ ሁለት ሦስት ፊልም ላይ ታይተው ከዚያ ስልኩ ጭጭ ላለባቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ልጅም ቲያትር እያየ አደገ። በ1967 ተዋናይ ሊሆኑ ቺካጎ ሄደው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ግን ለጥቁር ተማሪ የሚደርሰው ሚና የአሽከርና የአጃቢ ሆነባቸው። ትወናውን ትተው ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ገብተው የፊልም ሥራ ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1974 አገር ቤት መጥተው፣ ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ ገበሬዎችን ይዘው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ተዋናይ ካሜራ ፊት ምን እንደሚያስፈራው በራሱ ያላየ ሰው ያንን ፊልም ይሠራው ነበር? አይመስለኝም። በ1975 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው አከፋፋይ ሲያጣ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። «ጤዛ» በ2008 ከቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ይዞ ተመለሰ።

መንገዱ ግን ወደ ፊልም ብቻ አይወስድም። ትወና የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ድምፅ ማሳመር ሳይሆን «ይህ ሰው ይህን ቃል ለምን አሁን ተናገረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የጥንት ጽሑፍ ተመራማሪም ዕድሜውን የሚፈጀው በዚሁ ጥያቄ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተጻፈውን ክብረ ነገሥት ግለጡት። ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ሆን ብሎ የሚያስጠማ ምግብ ያቀርባል። ንግሥቲቱ ከቤቱ ምንም በግድ ላትወስድ ምላለች። ሌሊት ውኃ ይጠማታል። እንስራው እዚያው ነው፤ እሱም ተኝቻለሁ ብሎ ያደባል። መድረክ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የእጇን መንቀጥቀጥ ሳይቀር ያያል፤ ሌላው አንባቢ ሮጦ የሚያልፈውን ዝምታ እሱ ይሰማዋል። ይህ ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ እናንተ ደግሞ አስቀድማችሁ ይዛችሁታል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ጽሑፎችን የሚያጠና የፊሎሎጂ ትምህርት አለው። ለመጀመር ግን ዲግሪ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ግዕዝ የሚያስተምር መሪጌታ ከአንዱ ደብር አታጡም። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጉልበት ሳሙና «የኔታ፣ ንባብ ያስተምሩኝ» በሉ። ፊደሉን ታውቁታላችሁ፤ ቃል መሸምደድማ ሥራችሁ ነበር!