ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው ኑሮ

በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሜሰንና ዶክተር ኢቶ የጀመሩት ቀዶ ሕክምና ጨጓራን አሳንሶ፣ ምግቡ የቀጭን አንጀትን መጀመሪያ ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል። ክብደት በይበልጥ የሚቀንሰው እስከ ሁለተኛው ዓመት ነው፤ እኛ የምናሳስበው ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ዕድሜ ነው። ቫይታሚን ቢ12 በጉበት ለዓመታት ተከማችቶ ስለሚቆይ፣ ጉድለቱ የሚገለጠው ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ከተወ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ የተጎዳውም ነርቭ ሁልጊዜ አይድንም። ስለዚህ ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ደምም በየዓመቱ ይመረመራል። ትንሹን ጨጓራ ሳይሞላ የሚያልፍ ጣፋጭ መጠጥም ክብደቱን ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ የወዳጅ ጉርሻም፣ በፍቅር ቢሆንም፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ሸክም ነው።