ከፍየሏ በፊት ቅጠሉ

ብዙ ሰው የፍየል እርባታን የሚጀምረው ከገበያ ነው። በጠባብ ጓሮ ለሚያረባ ግን መነሻው አጥሩ ነው። ፍየል ከሣር ይልቅ የቁጥቋጦ ቅጠል ትወዳለች፤ ግቢ ውስጥ የምትውል ደግሞ ወጥታ መቀንጠብ ስለማትችል ቅጠሉ ተቆርጦ ይቀርብላታል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ በአጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያ ወይም ሉኪኒያ የተባለ የመኖ ዛፍ ይተከላል፤ ለደጋ ትሪሉሰርን ይስማማል። ችግኙ ለመቆረጥ እስኪደርስ ግዢው ቢቆይ ይሻላል። የሐረርጌ ገበሬ ከማሳው እየነቀለ የሚያሳሳው የበቆሎ ቡቃያም ጥሩ መኖ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ሉኪኒያ ከመኖዋ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ሲበዛ ይመርዛታል። ጤዛ የያዘ ለምለም ቅጠልም በባዶ ሆዷ ከበላች ሆዷን ስለሚነፋት ጠውለግ ብሎ ይሰጣል።

ቀጥሎ ቤቱ ነው። ፍየልን ከብርድ ይልቅ እርጥበት ይጎዳታል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢሆን ሽንቱና በጠጡ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለአትክልቱም ፍግ ይሆናል። ክፍተቱ የግልገል እግር እንዳያሾልክ መጥበብ አለበት። ለአንዲት ትልቅ ፍየል 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። የረገጠችውን ስለማትበላ መኖው ከፍ ብሎ ይሰቀል።

አሁን ገበያ ይወጣል። ሻጩ ዕድሜዋን ቢናገርም ገዢው አፏን ከፍቶ ይይ። የፊት ጥርስ ያላት ከታች ብቻ ነው፤ ስምንት። ሁሉም ጥቃቅን ከሆኑ ገና ግልገል ናት፤ ሁለት ትልልቅ ካበቀለች ዓመት አልፏታል፤ ስምንቱም ከተተኩ አራት ዓመት ገደማ ናት። የተሸረፈና የወለቀ ካለ አርጅታለች። ከዚያ የታችኛው የዐይን ቆቧ ሳብ ይደረጋል፦ ቀላ ያለ ከሆነ መልካም፤ ከነጣ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ሊኖርባት ይችላል። ጡቷም ይዳሰስ፤ የጠጠረ ጡት ግልገል አያሳድግም።

ለጀማሪ ሁለት ሴቶች ይበቃሉ፤ አንዲት ብቻዋን ግን ስትጮኽ ትውላለች። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከብዙ ዓመታት በፊት በሐረርጌና በወላይታ ባካሄደው የወተት ፍየል ፕሮግራም ለሴቶች በዱቤ የሚሰጠው ሁለት ፍየል ነበር፤ ዕዳውም በግልገል ይመለስ ነበር። ሊኮረጅ የሚገባው አሠራር ነው።

ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል፤ ፒፒአር የሚባለው በሽታ መንጋ ስለሚጨርስ ክትባቱ አይታለፍም።

አውራ መግዛት ግድ አይደለም፤ የጎረቤት ይበቃል። ሴቷ በየ21 ቀኑ ገደማ አውራ ትፈልጋለች፦ ትጮኻለች፣ ጭራዋን ታወዛውዛለች። ከተጠቃች ከ150 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለች። ግልገሉ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገሩን መጥባት አለበት፤ በሽታ የሚከላከለው በእርሱ ነው፤ እትብቱም አዮዲን ይነከር። ለቤተሰብ የሚታለበው ወተት ይፈላ።

ወንዱ ግልገል አራት ወር ሳይሞላው ይለይ፤ ካልሆነ እናቱንና እህቶቹን ሊያጠቃ ይችላል። ቦታ ያለው አኮላሽቶ ለዓመት በዓል ሙክት ያደርሰዋል፤ ቦታ የሌለው ጡት ሲተው ይሸጠዋል።